ቁጥር ጸሐፊዋ

እኔ ቁጥር ጸሐፊ ነኝ፤ ሲጠሩልኝ እጽፋለሁ፤
የስንቱን ሰው የአፍ ምስጢር በሰንጠረዥ ይዣለሁ።
ዶክተር ኢልሴ ቀጭን ዘንጓን ከድድ ሥር ታስገባለች፣
ጥልቀቱን በሚሊ ሜትር ለክታ ትጠራለች።
«ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ሰላም ነው፣ አገር አማን፤
«አራት» ካለች ድምጿ ይወርዳል፤
«ስድስት» ያለች ዕለት ግን፣
ቤቱ ቆሞ መሠረቱን ምስጥ እንደበላው እናውቃለን።

እዚህ ኦሩሮ ነው፤
ተራራው ቆርቆሮውን ተዝቆ ተዝቆ ያለቀ፣
አየሩ ሳስቶ ሳስቶ ከሰው ደረት የራቀ።
ሳቱርኒኖ ቾኬ ግን የሚያድረው በትንፋሹ ነው፤
ትራምፔት ነፊ፤
ሃያ ሰባት ካርኒቫል የፊት ረድፉን የመራው።

በሰኔ ብርድ መጣ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ይዞ፤
የላይ ሁለት ጥርሶቹ እንደተኳረፉ ወንድማማች
አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ውጭ ተጉዞ።
«ሽቦ እሰሩልኝ» አለ፣ «ድምፄ በመሃል ይፈሳል፤
ከላይኛዋ ኖታ ስደርስ ነፋስ ብቻ ይደርሳል።
ልጄ በአሥራ አራቷ አሳስራ ተቃንቶላታል፤
እኔስ ምን ይጎድለኛል?»

ኢልሴ መልስ አልሰጠችም። ዘንጓን አነሳች።

አምስት። አራት። ስድስት።
ስድስት። አምስት። ደም።

«ደም» ስትል ቀይ ነጥብ ነው፤ ገጼ ኩፍኝ መሰለ።
እሱ አፉን እንደከፈተ
በጫማው ጫፍ ወለሉን ቁጥሩን እየተከተለ
ይመታ ነበር፤ ምት መስሎት።

«ጥርስህ አይደለም የሸሸው» አለችው ጓንቷን አውልቃ፣
«የያዘው ነው የለቀቀው። በተበላ አጥንት ላይ
ሽቦ ብስብ፣ አቃናሁ ብዬ እነቅልሃለሁ በቃ።
መጀመሪያ ድድህ መድማት ይተው።»

ጥርስ ባዳ ነው፤ ልብ እያረረ ይስቃል።
ድድ ግን ሥጋ ዘመድ ነው፤
ሲከፋው ይደማል፣ ካልሰሙት ዝም ብሎ ይርቃል።

አራት ወር ድንጋይ ፈለጥን።
አባቱ ከተራራ ሆድ፣ እኛ ከጥርሱ ሥር፤
«የዘር ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ፣ ደም እየተፋ።
ትራምፔቱን በየቅዳሜው
ቱቦውን በብሩሽ ገብቶ ሲጠርግ የኖረ ሰው
አፉን እንዲያ ጠርጎት አያውቅም፤
አሁን ማታ ማታ ከቅንድብ በቀጠነ ብሩሽ
በየጥርሱ መሃል ይገባል፣ መስታወት ፊት ተገትሮ፤
ሚስቱ «ለማን ነው የምትኳለው?» ትላለች ከመኝታው ዞሮ።

በጥቅምት ለካን። ሦስት። ሁለት። ሦስት።
አንድ አምስት ብቻ፣ ከኋላ፣ እንደ ግትር ተበዳሪ።

ያኔ ሽቦው ታሰረ፤ ቀስ ተብሎ፣ በላባ ጉልበት።
ጥርስ ሲሄድ
ከፊቱ አጥንት ይሟሟለታል፤ መንገድ ይሆንለታል፤
ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት
ማንም ሳያየው፣ ሌሊት ሌሊት ይሞላል።
ይህን ሳስብ ቁጥር እስታለሁ።

የካቲት ገባ። ከንፈሩን ብረቱ ከውስጥ ላጠው፤
ሰም ለጠፍንለት፤ አልሆነም።
የፊት ረድፉን ለጎረምሳ ለቆ
ከኋላ ጸናጽል ሲመታ አየሁት፤
ጥርሱን ነክሶ ቻለው እንዳልል
መንከስ ተከልክሏል።

በሃያ ወሩ ተፈታ። ሁለቱ ወንድማማች
ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ግን በሥራቸው፣ በመሃል፣
የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ሦስት ማዕዘን።
«ይቺስ?» አለ።
«የሄደ ድድ አይመለስም» አለች ኢልሴ፣
«ያለውን እንዳይሄድ አስቀርተነዋል።»

ሳጥኑን ከፈተ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነፋ።
የብረት ሳህኖቻችን ተንቀጫቀጩ፤
ደጅ ወረፋ የያዘች ልጅ ጉንጯን ይዛ ብቅ አለች።
ኖታዋ ወጣች፣ ከላይ፣ ሙሉ፤
ከሥሯ ግን ቀጭን ፉጨት፣ በዚያች ጥቁር ቀዳዳ፣
አብራት ወጣች።

«ሦስት» አለች ኢልሴ፣ «ሁለት፣ ሦስት።» ጻፍኩ።
ለፉጨቷ በሰንጠረዤ ዓምድ የለም፤
ዳር ላይ በእርሳስ አኖርኳት።